ከመቀመጫቸው ሳይነሱ

ኅዳር 14 ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአቶ መሸሻ ሳሎን ውስጥ የነበሩት አቶ መሸሻ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤትና እኔ የላክኋቸው ሦስት ሽማግሌዎች ጋሽ ዳባ፣ አቶ አየለና አቶ ነገሬ ናቸው። የቤቱ ልጅ ፀሎት ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ነበረች። እኔ አልነበርኩም። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይገባም። ዋናው መንገድ ላይ፣ ታክሲ ፌርማታው አጠገብ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ከሩቅ አየኋቸው። ጋሽ ዳባ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ያን ቀን ግን ሦስቱም እኩል፣ ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር። ያኔ ገባኝ።

«እሺ ጋሽ ዳባ?» አልኳቸው ሲደርሱ።

«ምን እሺ አለ! እንደገና እንግዳ ሆንን እኮ!» አሉ ጋሽ ዳባ የፌርማታውን ብረት እየተደገፉ። «ተቀመጡ እስኪሉን ቆመን ጠበቅን። ተቀመጡ አሉን። ስምህን ስንጠራ ፊታቸው በራ። ‹የኔ ደግፌ?› አሉ። ደስ አላቸው፣ ውሸት አልነግርህም። ከዚያ ምን አሉ መሰለህ?»

አውቅ ነበር። አቶ ነገሬ ግን የአቶ መሸሻን ድምፅ አስመስለው ተናገሩት። «‹ለመስቀል አገር ቤት ገብቼ ዘመዶቼን ላማክር፤ ከዚያ ብቅ በሉ።›»

መስቀል ካለፈ ሁለት ወር ሊሆነው ነበር።

«በመስከረም ስንሄድ እንዲህ አሉ፤ ደግ ነው አልን» አሉ ጋሽ ዳባ። «በጥቅምት ስንሄድ ያንኑ አሉ። ዛሬም ያንኑ። እኔ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። አንድ ፌርማታ ላይ እንዲህ ስሽከረከር የዋልኩበት ቀን የለም።»

«ለሷም ለሱም እምቢ ቢሉ ይሻል ነበር» አሉ አቶ አየለ ወደ እኔ ሳያዩ። «እምቢታ እኮ መድኃኒት አለው።»

ሦስቱን በአንድ ታክሲ ሸኘኋቸው። እኔ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማዘን እንኳ ደክሞኝ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ ዘንድ አንድ አባት ልጁን በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሎ አይሰጥም። ሽማግሌ ሲመጣ «ተማክረን እንንገራችሁ፣ ተመልሳችሁ ኑ» ይባላል። ይህ እምቢታ አይደለም፣ ክብር ነው። አቶ መሸሻ ደግሞ ሥርዓት አዋቂ ሰው ናቸው። ችግሩ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነገር ከአእምሯቸው እየጠፋባቸው ነው። ሽማግሌዎቹ በሄዱ ቁጥር ለእሳቸው የመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ በሙሉ ክብር ይመልሷቸዋል።

እንዳይረሱ ለመንገር ሞክረን ነበር። ፀሎት በጥቅምት «አባዬ፣ ሽማግሌ መጥቶ ነበር እኮ» አለቻቸው። እሳቸው ግን ያልመጣ ሰው መጣ ትሉኛላችሁ ብለው ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ዋሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አልደገመውም። ወይዘሮ የሺእመቤት ደግሞ አንድ ቃል ብቻ አላቸው። «እሺ የሚለው አባቷ ነው። አባቷ እሺ አላለም። እኔ ምን ልበል?» እሳቸው እኔን አይጠሉኝም። ግን አንዲት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመድኃኒት ባለሙያ ሆናለች። እኔ የባለቤታቸው ሱቅ ሠራተኛ ነኝ። የተማርኩትም እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው።

ፀሎትን አንድ ቀን «እኛ ብቻ ብንወስንስ?» ብያት ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኗ ሲደክም ይቀላል።

«ከአባዬ አፍ መስማት እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ከአሁን በኋላ ብዙ ነገር ይጠፋበታል። እኔም እጠፋበት ይሆናል። ከዚያ በፊት አንድ ቀን፣ አውቆ፣ ሰጥቻለሁ ቢል ይበቃኛል። ይህን ሳልሰማ ከቤቱ ብወጣ የሰረቅኸኝ ነው የሚመስለኝ።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳትም።

*

ሱቁ ጦር ኃይሎች አካባቢ ነው። የቧንቧ ዕቃ፣ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቀለም እንሸጣለን። አቶ መሸሻ በልጅነታቸው ከቸሃ መጥተው ከሰው ደጅ ጀምረው ያቆሙት ሱቅ ነው። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ገባሁ፤ አሁን ሃያ ስምንት ሆኖኛል። ሚስማር በመዳፋቸው መዝነው ቁጥሩን የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

አሁን ደንበኛ የግማሽ ኢንች የቧንቧ ክርን ሲጠይቃቸው «እሺ» ብለው ይነሳሉ፣ ወደ ጓሮ መጋዘን ይገባሉ፣ የበር ማጠፊያ ይዘው ይመለሳሉ። ሰው ሲስቅባቸው እንዳላይ መሳቢያዎቹ ሁሉ ላይ በትልልቅ ፊደል ስም ጻፍኩ። አብሬያቸው ስውል አንድ ነገር አስተውያለሁ። በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ የሰሙት ነገር አይጠፋቸውም። ደንበኛው ያላቸውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይደግሙልኛል። ከመቀመጫቸው ከተነሱና የመጋዘኑን ደፍ ካለፉ ግን ሁሉም ነገር በርጩማው ላይ ይቀራል።

ፀሎት ሳንሱሲ ሰፈር አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ማታ አባቷን ልትወስድ ስትመጣ ቀለም ቆርቆሮ ላይ ትቀመጣለች። ስድስት ዓመት ቆርቆሮው ላይ ተቀምጣለች። አራቱን ዓመት ምንም አላልኳትም። አፍ የለኝም። በመጨረሻ በጽሑፍ ነገርኳት። እሷም በጽሑፍ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ከባዱን ነገር የምንነጋገረው በደብዳቤ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ነጭ ጠርሙስ ይዛ መጣች።

«ምንድነው?»

«አሴቲል ካርኒቲን ይባላል። ከአሚኖ አሲድ የሚሠራ ነው። ሰውነታችን ራሱ ያዘጋጀዋል፣ ሥጋ ውስጥም አለ። ለማስታወስ ይረዳል ይላሉ።»

«ይረዳል?»

«ይላሉ» አለች እንደገና። ጠርሙሱን በእጇ አገላበጠችው። «መድኃኒት አይደለም፤ ተጨማሪ ምግብ በለው። ሐኪሙን ጠይቄ ነው፤ አይከፋም፣ ግን ብዙ አትጠብቂ አለኝ። እኔ የሰለቸኝ ደግሞ መጠበቅ ነው። ቤት ብሰጠው እናቴ ታየኛለች፤ ለምን እንደቸኮልኩ ታውቃለች። አንተ ጠዋት ከሻይ በፊት ስጥልኝ። አንድ ብቻ። ከአንድ እንዳታሳልፍ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ስትሰጠኝ ጣቷ መዳፌ ላይ ትንሽ ቆየ። በየቀኑ አንድ ሰጠሁ፤ በየቀኑ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። አቶ መሸሻ ኪኒኑን ሲውጡ ዐይን ዐይናቸውን አያለሁ። የሆነ ነገር ተመልሶ የሚገባ ይመስል።

*

ሦስተኛው ሽማግሌ ከተመለሰ በኋላ፣ ጾሙ እንደገባ ነው። ከጎናችን መጋረጃ የምትሸጠው ወርቅዬ አንገቷን አስገባች።

«ደግፌ! ሱቁን ዓሣ ቤት አደረጋችሁት እንዴ? ጾሙ እኮ ገና አንድ ሳምንቱ ነው፣ ምን አስቸኮላችሁ?»

«የቧንቧ ሙጫ ይሆናል» አልኳት።

«ሙጫማ አውቃለሁ። ይሄ ወጥ የሚያስፈልገው ሽታ ነው!»

እሷ ሳቀች፣ አቶ መሸሻ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሎት ስትመጣ ወርቅዬ ቀልዱን ደገመችላት። ፀሎት አልሳቀችም። የአባቷን ኮሌታ የምታስተካክል መስላ ጠጋ አለች። ከዚያ መሳቢያዬን ከፍታ ጠርሙሱን አወጣችና አንዴ ነቀነቀችው። ቀና ብላ አየችኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። እንደማያውቁት ሰው ነው ያየችኝ።

ጠርሙሱን ይዛ ሄደች። በማግስቱ አባቷን ስታደርስ ባንኮኒው ላይ ደብዳቤ አስቀመጠችና ሳትቀመጥ ተመለሰች።

«ደግፌ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ሠላሳ ሁለት መኖር ነበረበት። ያለው አሥራ አንድ ነው። ይህ ኪኒን ሲበዛ ሰውነት ዓሣ ዓሣ እንዲሸት ያደርጋል፤ ሌላውን ሰው ቢያስቅም እኔን አያስቀኝም። አባቴን ልታፈጥነው ፈለግህ። እኔም ቸኩያለሁ። ግን የቸኮልነው እኛ ነን፤ የሚያመው እሱን ነው። ካንተ በላይ የማምነው ሰው ስለሌለኝ ነበር የሰጠሁህ። ፀሎት።»

መልስ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሁለት ገጽ ነበር፤ ቀደድኩት። ሁለተኛው ውስጥ ቁጣ ነበረበት፤ እሱንም ቀደድኩት። የላክሁት ይህን ብቻ ነው። «ፀሎት፣ የሰጠኋቸው በቀን አንድ ነው። ደግፌ።»

አልመለሰችልኝም። ማታ አባቷን ልትወስድ ስትመጣ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ቆርቆሮው ላይ አትቀመጥም። እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። ሳላውቅ ሁለት ጊዜ ሰጥቼ ይሆን? የቀን መቁጠሪያውን ስንት ጊዜ አየሁት። በየቀኑ አንድ ቀይ ምልክት ነው ያለው። የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ሁልጊዜ ላዩ ላይ ነው የሚውለው፤ እኔና አቶ መሸሻ ብቻ ባለንበት ሱቅ ለምን እቆልፋለሁ? አንድ ቀን ስዘጋ በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እንደዚህ መድከም ከምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ ዕቃ የተሸከምኩበት ቀን አልነበረም።

*

ጠርሙሱ ከሱቅ ከወጣ በኋላም ሽታው አልጠፋም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ቧንቧ ልለካ ወደ ጓሮ ገባሁ። ስመለስ አቶ መሸሻ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ወደ ጎን ዘንበል ብለው «ስምንት ቁጥር ሚስማር» ብዬ የጻፍኩበትን መሳቢያ ከፍተዋል። ከሚስማሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከወረቀቱ ውስጥ ሦስት ኪኒን አንስተው በአንዴ ወደ አፋቸው ጣሉ።

«ጋሼ!»

ደነገጡ። ወረቀቱ ከእጃቸው ወደቀ። አነሳሁት። በእሳቸው እጅ የተጻፈ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ጽሑፍ። «ጠዋት፣ ሰው ሳያይ። ለፀሎት ሽማግሌ መጥቷል። አስታውስ።»

«ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ሲበዛ ጥሩ አይደለም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ሆዴን ይበጠብጠኛል። እንቅልፍም ነስቶኛል።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ሰው ቤቴ መጥቶ ሄዷል፣ ደግፌ። ስለ ልጄ ሊነጋገር መጥቶ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጽሑፌ ነው። ማን እንደመጣ ግን አላውቅም። ባለቤቴን እንዳልጠይቃት ስንተኛ ጊዜ እንደጠየቅኋት ከፊቷ ላይ ይታየኛል። ልጄ ታየኝና ዐይኗን ትሰብራለች። የሷን ዕድል እኔ ነኝ የያዝኩት። የያዝኩትን የት እንዳስቀመጥኩት ግን ጠፋኝ። ይህ ኪኒን ያስታውሳል ካላችሁ፣ አንዱ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።»

የቀሩትን ኪኒኖች ከነወረቀቱ ኪሴ አስገባሁ። 

«አንተ ሰውዬውን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

ሽማግሌ የላከ ሰው ስለ ራሱ አይናገርም። 

«አውቀዋለሁ።»

«ተምሯል?»

«እስከ ስምንተኛ ክፍል።»

«ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ነው፣ ጋሼ።»

«ሥራ አለው?»

«ጠዋት ሱቅ ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል።»

«እንዳንተ?»

«እንደ እኔ።»

 ውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጮሃሉ። አቶ መሸሻ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ሚስማር በመዳፋቸው ሲመዝኑ እንደሚያዩት።

«ይወዳታል?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሽማግሌዎቹም አልጠየቁኝም፣ እናቷም አልጠየቁኝም።

«ይወዳታል» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «በጣም ይወዳታል፣ ጋሼ። ደክሞታል እንጂ።»

እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙኝ። «እንግዲያው ሽማግሌዎቹን ላካቸው» አሉኝ። «ዛሬውኑ ላካቸው፣ ልጄ።»

በዚያው ቅጽበት አንድ ደንበኛ ገብቶ የቧንቧ ቴፕ ጠየቀ። እኔ ከመንቀሳቀሴ በፊት አቶ መሸሻ «እሺ» ብለው ተነሱ። መጋዘን ገቡ። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነበር።

«ደግፌ፣ ደህና አደርክ?» አሉኝ።

*

በምሳ ሰዓት ሱቁን ለወርቅዬ አደራ ብዬ ሳንሱሲ ሄድኩ። ፀሎት ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች በር ላይ ወጣች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ኪኒኖቹ ውስጡ ነበሩ።

አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ከዚያ የመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሰው እያለፈ ነው፤ ግድ አላላትም።

«የሱ ጽሑፍ ነው» አለች።

«የሳቸው ነው።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። «ይወዳታል?» ያሉኝ ጋ ስደርስ ዘለልኩት።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ ደግፌ። ካንተ ይልቅ ጠርሙሱን አመንኩ።»

«እኔም ራሴን አላመንኩም ነበር።»

ሳቀች። ሳቋ እንባ ነበረበት። ኪኒኖቹን በወረቀቱ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። «ከዛሬ ጀምሮ ቆመ። አንዱም አይሰጠውም። ሆዱን አሞት አንድ ቃል ሳይናገር...» ሳትጨርሰው ተወችው። ቆይታ «አንተ ቀኑን ሙሉ አብረኸው ነህ» አለችኝ። «አንድን ነገር ስንት ሰዓት ይይዘዋል?»

«ሰዓት አይደለም» አልኳት። «ከመቀመጫቸው እስኪነሱ ነው።»

ቀና አለች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ። «ተመልሳችሁ ኑ ነው የሚላቸው፤ አይደል? መቼ ብሎ አይቆርጥም። በሩብ ሰዓት ቢመለሱስ?»

ጋሽ ዳባ ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ። «ሥርዓት እኮ ነው! የልጆች ድብብቆሽ አደረግሽው እንዴ?» አሏት።

«ጋሽ ዳባ፣ ሥርዓቱን አንቀንስም» አለች ፀሎት። «ትገባላችሁ፣ ትመለሳላችሁ፣ እንደገና ትገባላችሁ። የሚቀንሰው መንገዱ ነው።»

ጋሽ ዳባ ጉልበታቸውን አሹ። «መንገዱን መቀነሱስ ለእኔም ደግ ነበር» አሉ።

*

ታኅሣሥ 19 ቀን፣ እሑድ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። እኔ በዚህኛው ቀን ፌርማታው ላይ አልቀረሁም፤ ከአጥሩ ቆርቆሮ በር ውጭ ቆምኩ። ፀሎት ጠዋት ለእናቷ ሁሉንም ነግራቸዋለች። ወረቀቱንም አሳይታቸዋለች። ወይዘሮ የሺእመቤት አንብበው መልሰውላታል። እሺም እምቢም አላሉም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ሽማግሌዎቹ ወጡ።

«ለመስቀል አገር ቤት ሊገቡ ነው» አሉ ጋሽ ዳባ በሹክሹክታ። የሳሎኑን በር ሆን ብለው ክፍት ትተውታል። አራታችንም የአጥሩን ግድግዳ ተደግፈን ቆምን።

«መስቀል አለፈ?» አሉ አቶ ነገሬ።

«ገና፤ ደመራው አልተለኮሰም» አሉ አቶ አየለ ሰዓታቸውን እያዩ።

«አሁንስ?»

«አሁን አገር ቤት እየገቡ ነው። መንገዱ ተጨናንቋል።»

ጋሽ ዳባ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከውስጥ የአቶ መሸሻ ድምፅ ተሰማ።

«የፀሎት እናት፣ ነፋስ ገባ እኮ። እስኪ ጃኬቴን ላምጣ።»

የወንበሩ እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። ጃኬታቸው መኝታ ቤት ነው የሚሰቀለው። ተነስተው ያንን ደፍ ካለፉ አራተኛው ቀን እንደገና የመጀመሪያው ቀን ይሆናል፤ አምስተኛ ቀን ደግሞ የለም። ጋሽ ዳባ አልችልም ብለውኛል። ፀሎትም ባትነግረኝም እንደማትችል አይቻለሁ። እኔ ግን ከአጥሩ ውጭ ነኝ። አንድ ቃል ማሰማት አልችልም። አቶ አየለ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

 ነገሩ እንዲቀር ቢፈልጉ ወይዘሮ የሺእመቤት ዝም ማለት ብቻ ይበቃቸው ነበር።

«አትነሳ» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት። «ተቀመጥ። እኔ አመጣልሃለሁ።»

የእግራቸውን ኮቴ ሰማሁ፤ ሲሄዱም ሲመለሱም። ግንባሬን ቆርቆሮው ላይ አስደገፍኩ። እኚህ ሴት በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ በቀር አናግረውኝ አያውቁም። ያን ጊዜም ያናገሩት እኔን አልነበረም።

«ግቡ» አልኳቸው ሽማግሌዎቹን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ አዘዝኩ።

ገቡ። እንደ ሥርዓቱ ተቀመጡ እስኪባሉ ቆሙ። የአቶ መሸሻ ድምፅ እስከ ውጭ ተሰማኝ።

«ተመልሳችሁ መጣችሁ! የቃል ሰዎች ናችሁ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ።»

«መልሱን ልንሰማ ነው፣ አቶ መሸሻ» አሉ ጋሽ ዳባ። «ተማከሩ?»

«ተማከርኩ። የፀሎትን እናት ጠየቅኋት።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላለችም። ካልፈለገች ዝም አትልም፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት አውቃታለሁ። ጃኬት አለበሰችኝ።» ሰዎቹ ሳቁ። ከዚያ አቶ መሸሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ እኔም ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ አደረግሁ። «ደግፌን አውቀዋለሁ። ልጄን ፀሎትን ለደግፌ ሰጥቻለሁ።»

የቆርቆሮው በር ተከፈተ። ፀሎት ናት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

«ምን አለ?» አለችኝ። «እያለቀስኩ ነበር፤ በደንብ አልሰማሁም። ምን አለ?»

«ሰጥቻለሁ አሉ።»

«እንደገና በለው።»

«ልጄን ፀሎትን ለደግፌ ሰጥቻለሁ አሉ።»

መጥታ ከጎኔ ግድግዳውን ተደገፈች። አልተቃቀፍንም። ሁለታችንም የደስታ ጉልበት አልቀረንም። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው፣ እዚያው ቀረ።

ሠርጉ ጥር 24 ቀን ተደረገ። አቶ መሸሻ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። የማን ሠርግ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወይዘሮ የሺእመቤት ነገሯቸው።